በሣር ላይ የፈረስ ውድድር፦ ውጤቱን ትቶ ሩጫውን ማንበብ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የውጤት ሠንጠረዥ ማን አንደኛ እንደወጣ ይነግራል። እንዴት እንደወጣ ግን አይነግርም። ሣር ላይ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። አምስተኛ የወጣ ፈረስ ከአሸናፊው የተሻለ የሮጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጣዩን ውድድር ለመገመት የሚያስብ ሰው ይህን መለየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የሣር ውድድር ከአፈር ሜዳው በምን ይለያል?

በዋናነት በዙሩ፣ ማለትም በሩጫው የፍጥነት አካሄድ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት በሚታየው የአፈርና የአሸዋ ሜዳ ላይ የመነሻው በር ከተከፈተ ጀምሮ ሽምጥ ነው። ፊት የሄደው ፈረስ ኋላ ላሉት አፈር ይረጫል፤ ስለዚህ ሁሉም ቶሎ ፊት መያዝ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ይዝላል። ያሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ያነሰ የዛለው ነው።

ሣር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ላይ ይቆጥባሉ፤ ተጠጋግተው ይሄዳሉ። የመጨረሻው ቀጥታ መስመር ሲመጣ ዙሩ ይከርራል፤ ሁሉም የቆጠበውን ያወጣል። የ10,000 ሜትር ሩጫ የመጨረሻው ዙር ደውል እስኪደወል እንዴት እንደሚሄድ የምታውቁ ሰዎች ይህ አይከብዳችሁም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ሁሉም ጉልበት ቆጥቦ ስለሚመጣ መድረሻው ላይ በፈረሶቹ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ ያሉት በሦስት በአራት ፈረስ ርዝመት ውስጥ ተከታትለው ይገባሉ። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ መታጠፊያ ላይ የጠፋች እያንዳንዷ ሜትር ደረጃ ትቀይራለች። ሣር ላይ የፈረሱን ጉዞ ማጥናት ይበልጥ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

የፈረሱ «ጉዞ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከመነሻ እስከ መድረሻ የገጠመው ሁሉ ነው። ከበሩ እንዴት ወጣ? በስንተኛ ደረጃ ተቀመጠ? የውስጡን አጥር ይዞ ነው ወይስ ውጭ ውጩን? ከፊቱ ነፋስ የሚከልልለት ፈረስ ነበረው? መውጫ ሲፈልግ መንገድ ተከፈተለት? ይህ ሁሉ ሲሆን ዙሩ ምን ያህል ከርሮ ነበር?

ብዙ ሰው የሚያየው አምስተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ መንገድ ተዘጋበት አልተዘጋበትም። በእኔ እምነት ትልቁ ነገር የመጨረሻው ነው። ዙሩን ሳያውቁ ስለ ጉዞ ማውራት ግማሽ ሥራ ነው።

ውጭ ውጩን መሮጥ በእርግጥ ምን ያህል ያስከፍላል?

ይህን በስሌት ማየት ይቻላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ መታጠፊያ ግማሽ ክብ ነው እንበል። ከውስጠኛው ፈረስ 1 ሜትር ወጣ ብሎ የሚሮጥ ፈረስ 3.14 ሜትር ተጨማሪ ይሮጣል። 3 ሜትር ወጣ ካለ 9.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ፈረስ ርዝመት ወደ 2.4 ሜትር ነው። ስለዚህ ይህ ፈረስ በአንድ መታጠፊያ ብቻ አራት ፈረስ ርዝመት ያህል ከፍሏል። ሁለት መታጠፊያ ባለበት ውድድር ስምንት ይደርሳል። የሚገርመው፣ መታጠፊያው ሰፋም ጠበበ በግማሽ ክብ ላይ የሚጨመረው ርቀት ያው ነው። ጠባብ መታጠፊያ በሌላ በኩል ይጎዳል፤ ፈረሱ ሚዛኑን ለመጠበቅ ፍጥነቱን መቀነስ ይኖርበታል።

ታዲያ አራቱን ርዝመት ዝም ብሎ በውጤቱ ላይ መደመር ነው? አይደለም። ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የወጣበት ሰዓት ይወስናል። ዙሩ ላላ ባለበት ሰዓት ውጭ የሮጠ ፈረስ ሜትሩን ይከፍላል፤ ጉልበቱ ግን ብዙም አይነካም። ዙሩ ሲከርር በመታጠፊያው ላይ ውጭ የተገኘ ግን ከሌሎቹ እኩል ለመሄድ ብቻ ከእነሱ ፈጥኖ መሮጥ አለበት። እውነተኛው ኪሳራ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጥታው ላይ ውጭ መሆን ርቀት አያስጨምርም ማለት ይቻላል። 400 ሜትር እየሮጠ በሰያፍ 20 ሜትር ወደ ጎን የተጠጋ ፈረስ የጨመረው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። የ2015ቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮምፍ፣ በአጭሩ አርክ የሚባለው ትልቁ የፈረንሳይ የሣር ውድድር፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጎልደን ሆርን የተባለው ፈረስ ከ14ኛው በር፣ ከውጭ በኩል፣ ተነሣ። ጋላቢው ፍራንኪ ዴቶሪ ከመንጋው ተነጥሎ ሜዳው ጠርዝ ላይ ለብቻው ሮጠ። ውድድሩ በተካሄደበት የፓሪስ ሜዳ፣ ሎንሻን ላይ የ2,400 ሜትር ውድድር የሚጀምረው በረጅም ቀጥታ ስለሆነ ይህ ያስከፈለው ኢምንት ነው። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጥ ገብቶ ከፊት መሪው ጀርባ ተቀመጠ፤ አሸነፈም። ላየው ሰው «እንዴት ያለ ውጭ ለውጭ ሩጫ» ያስብላል፤ በሜትር ሲለካ ግን ብልህ ጉዞ ነበር።

በ2013 ይህንኑ አርክን ያሸነፈችው ትሬቭ ደግሞ የተለየች ናት። ከ15ኛው በር ወጥታ፣ ውጭ ውጩን፣ ከለላ ሳይኖራት ሮጣ በአምስት ፈረስ ርዝመት አሸነፈች። እንዲህ ያለውን ሩጫ ያየ ሰው ከተጻፈው ልዩነት በላይ ሊያስብላት ይገባል።

ዙሩ መክረሩን ወይም መላላቱን በምን አውቃለሁ?

በዓይን ግምት ከሆነ፣ የጋላቢዎቹን እጅ እዩ። በመጀመሪያው ግማሽ ብዙዎቹ ልጓም ስበው ፈረሱ አንገቱን እየወረወረ ከታገላቸው ዙሩ ላልቷል። መንጋው እንደ ክር ተስቦ ረዝሞ ከሆነ ከርሯል። ተሰብስቦ ከሄደ በአብዛኛው ላልቷል።

በቁጥር ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍል ሰዓት ከጠቅላላው ጋር አነጻጽሩ። 1,600 ሜትር በ96 ሰከንድ ተሮጠ እንበል። አማካዩ በሰከንድ 16.67 ሜትር ነው። የመጨረሻው 600 ሜትር 34 ሰከንድ ከወሰደ በሰከንድ 17.65 ሜትር ይሆናል። ይህ የአማካዩ 106 በመቶ ገደማ ነው። ማለትም መጀመሪያ ላይ ቆጥበዋል። ያው 600 ሜትር 37 ሰከንድ ቢወስድስ? 97 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ ሮጠው ጨርሰው መጨረሻ ላይ እየተንገዳገዱ ነው የገቡት። ጠቅላላ ሰዓቱ በሁለቱም 96 ሰከንድ ነው። ውድድሮቹ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ምን ያህል በመቶ «የተለመደ» እንደሆነ እንደየሜዳው ይለያያል። መጨረሻው ቁልቁል የሆነ ሜዳና ዳገት የሆነ ሜዳ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ርቀት ከተደረጉ ሌሎች ውድድሮች ጋር ነው ማነጻጸር ያለባችሁ። ጃፓኖች በዚህ ታድለዋል፤ የእያንዳንዱ ፈረስ የመጨረሻ 600 ሜትር ሰዓት ከውጤቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ሰዓቱ በማይወጣበት አገር ቪዲዮና የእጅ ሰዓት ይዞ መቀመጥ ነው። አድካሚ ነው፤ ያዋጣል ግን።

ከኋላ እየበረረ የመጣ ፈረስ ሁልጊዜ ተስፋ ያለው ነው?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ መጥቶ አምስት ፈረስ ሲያልፍ ዓይን ይማርካል። መጠየቅ ያለበት ግን ያለፋቸው ፈረሶች ምን ሆነው ነው የሚለው ነው። ዙሩ ከርሮ ከነበረ ፊተኞቹ ሞተዋል፣ ማለትም ጉልበታቸው አልቋል። እሱ አልፈጠነም፤ እነሱ ናቸው የቆሙት። ዙሩ ላልቶ እያለ ከኋላ ተነሥቶ ሦስተኛ የገባ ፈረስ ግን ሌላ ነው። ፊተኞቹም ጉልበት አላቸው፤ እነሱን ለመያዝ በእውነት መፍጠን አለበት።

በ1986 እንግሊዝ ውስጥ ኤፕሰም ላይ በተካሄደው ደርቢ ዳንሲንግ ብሬቭ የመጨረሻው ቀጥታ ሲጀመር ገና ኋላ ነበር። ከዚያ ሽምጥ መጣ፤ ሻህራስታኒን ግን መድረስ አልቻለም፤ በግማሽ ፈረስ ርዝመት ተሸነፈ። የውጤት ሠንጠረዡ ሻህራስታኒ ይበልጣል አለ። ሩጫውን ያነበበ ሰው ሌላ አየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በእንግሊዙ አስኮት ሜዳ ላይ በኪንግ ጆርጅ ውድድር ሲገናኙ ዳንሲንግ ብሬቭ አሸነፈ፤ ሻህራስታኒ አራተኛ ሆነ። በመከር ወራት ደግሞ ዳንሲንግ ብሬቭ አርክንም ወሰደ።

የተገላቢጦሹንም አትርሱ። በከረረ ዙር ፊት ሆኖ ሮጦ አራተኛ የገባ፣ አብረውት ፊት የነበሩት ደግሞ አሥረኛና አሥራ አንደኛ የወጡበት ፈረስ ካያችሁ ስሙን ጻፉ። ዓይን የማይማርክ ሩጫ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥቆማ ይህ ነው።

መንገድ ተዘግቶበት የቀረ ፈረስ ላይ በሚቀጥለው ጊዜ ልወራረድ?

በመጀመሪያ ሲዘጋበት ምን ነበረው? ጋላቢው ልጓም ይዞ፣ ፈረሱ ለመሮጥ እየጓጓ፣ ክፍተት አጥቶ ከቀረ አንድ ነገር ነው። አስቀድሞ እየተገፋ፣ እየተመታ፣ ወደ ኋላ እየቀረ ያለ ፈረስ ፊት ሌላ ፈረስ ቢገባ ግን ምንም አልጠፋበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ኦዱ ነው፤ ፈረሱ ቢያሸንፍ ለተወራረዳችሁት ለእያንዳንዱ ብር የሚከፈለው ማለት ነው። ታፍኖ የቀረን ፈረስ ሁሉም ሰው አይቷል፤ ተንታኙም ተናግሯል። በሚቀጥለው ውድድር ሁሉም እሱ ላይ ይረባረባል፤ ኦዱም ይወርዳል። ያለ ከለላ በመታጠፊያው ውጭ ሮጦ ስድስተኛ የገባውን ግን ማንም አላወራለትም። ችግር አይመስልማ! ጋላቢው ልጓም አልሳበ፣ ማንም አልገፋው። የከፈለው ዋጋ ግን ሊበልጥ ይችላል።

ፈረሱ ራሱ ጥፋተኛ ሲሆንስ?

ያን ጊዜ ምሕረት ቆጠብ አድርጉ። ቀስ ብሎ ከበር የመውጣት፣ ልጓም የመታገል፣ ቀጥታው ላይ ወደ ጎን የመጥመም ልማድ ያለው ፈረስ ነገም ይደግመዋል። በ2012 አርክ ላይ ኦርፌቭር ሁሉንም አልፎ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወደ ውስጠኛው አጥር ጠመመ፤ መድረሻው ጋ ሶለሚያ በአንገት ቀደመችው። ችሎታው አልጠፋም፤ በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ከትሬቭ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ጠባይ እንደ «መጥፎ ዕድል» ሊመዘገብ አይገባውም። የፈረሱ ማንነት አካል ነው።

የበር ዕጣ ምን ያህል ይወስናል?

እንደ ሜዳው ነው። የእንግሊዙ ቼስተር ዙሪያው 1,700 ሜትር አይሞላም፤ መታጠፊያው አያልቅም። እዚያ በአጭር ርቀት ውድድር ውጭ በር የደረሰው ፈረስ ገና ሳይነሣ ተጎድቷል። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ረጅም ቀጥታ ባለበት ግን ዕጣው ያን ያህል አያስፈራም። የሎንሻኑን ምሳሌ አይታችኋል።

እንደ አስኮቱ ባለ ቀጥታ መስመር ላይ ብዙ ፈረስ ሲሮጥ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። መንጋው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በተመልካቹ በኩል፣ ግማሹ በማዶ። አንዱ ወገን አሯሯጭ ሊያገኝ፣ ወይም የተሻለ ሣር ሊገጥመው ይችላል። በተሸነፈው ወገን አንደኛ ሆኖ በጠቅላላው ሰባተኛ የወጣ ፈረስ የራሱን ውድድር አሸንፏል። እንዲህ ዓይነቱን ማደን በጣም እወዳለሁ።

የውስጡ አጥር ቦታ ሲቀየር ምን ይሆናል?

ሣሩ እንዲያርፍ ሲባል አጥሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ከሌላ ቀን ሰዓት ጋር በቀጥታ አታነጻጽሩ። አጥሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ውስጡ ያልተረገጠ ሣር ይሆናል፤ ውስጥ የያዘ ይጠቀማል። በዚያ ቀን ውጭ የሮጡትን በማስታወሻ ለይታችሁ ያዙ።

የሜዳው ልስላሴ ላይ ምን ያህል ልተማመን?

በጣም። ዝናብ የጠጣ ሣር ላይ የሚበር ፈረስ አለ፤ ደረቅ ላይ ሌላ እንስሳ ይሆናል። ፈረንሳዊው ሲሩስ ዴዜግል በለሰለሰ ሜዳ አስፈሪ ነበር። በጥቅምት 2012 አስኮት ላይ፣ ሜዳው ጭቃ በሆነበት ቀን፣ የእንግሊዙን ፈረስ ፍራንክልን የገጠመው በሚመቸው መሬት ላይ ነው። ፍራንክል ደግሞ ከበር ዘግይቶ ወጣ። እንዲያም ሆኖ ፍራንክል አሸነፈ፤ በ14 ውድድር 14ኛ ድሉ ሆኖም ጡረታ ወጣ። የሮጡት ስድስት ፈረሶች ብቻ ስለነበሩ ዘግይቶ መውጣቱ ብዙም አልጎዳውም፤ በ20 ፈረስ መካከል ቢሆን ጉዳዩ ሌላ ነበር።

በለሰለሰ ሜዳ ላይ የተሸነፈ ፈረስ ማስታወሻ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው መሬቱ ነው። ጉዞው ከዚያ በኋላ ይመጣል። መሬቱን ካልወደደው መንገድ ቢከፈትለትም አይሮጥም።

ከአፈር ወደ ሣር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣን ፈረስ እንዴት ልገምት?

የዘር ሐረጉን እዩ። አባትየው በሣር ላይ የተመሰከረለት ከሆነ ተስፋ አለ። በአውሮፓ ጋሊሊዮ፣ በጃፓን ዲፕ ኢምፓክት፣ በአሜሪካ ኪትንስ ጆይ ለብዙ የሣር ፈረሶች አባት ሆነዋል። የተመሰከረለት የአፈር ፈረስም ሊችል ይችላል። ሴክረታሪያት በ1973 መጨረሻ ሁለት ጊዜ ሣር ላይ ሮጦ ሁለቱንም አሸነፈ። ሲጋር የተባለው ፈረስ ታሪኩ ተቃራኒው ነው፤ ሣር ላይ ሲለፋ ቆይቶ በ1994 ወደ አፈር ተመለሰና 16 ተከታታይ ድል አገኘ። ዘር ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። እስኪሞከር ድረስ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ነው።

ክብደትስ?

በሃንዲካፕ ውድድር የተሻለው ፈረስ የበለጠ ኪሎ ይሸከማል። በ1,600 ሜትር አንድ ፈረስ ርዝመት ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ርቀቱ ሲያጥር ኪሎው ይጨምራል፤ ሲረዝም ይቀንሳል። ግምት ነው፤ ሩብ ኪሎ ላይ አትጨቃጨቁ።

ቪዲዮውን እንዴት ልመልከት?

መጀመሪያ እንደ ተመልካች አንድ ጊዜ እዩት። ከዚያ አንድ ፈረስ ብቻ ምረጡና ከበሩ እስከ መድረሻው ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከፊት ለፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ መታጠፊያው ላይ ማን ስንት ሜትር ወጣ ብሎ እንደሮጠ የሚያሳየው እሱ ነው። ከጎን የተቀረጸው ያታልላል፤ ጎን ለጎን የሆኑ ፈረሶች መካከል ያለው ክፍተት አይታይበትም።

ለአንድ ፈረስ አንድ መስመር ማስታወሻ ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ጥሩ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ከውስጥ አራተኛ፣ ያለ ከለላ። ዙሩ የከረረው እዚያው ላይ ነው። በመጨረሻው 200 ሜትር ለዘብ አለ፣ አልሞተም።» ይህን ያነበበ ሰው ከስድስት ወር በኋላም ሩጫው ፊቱ ይመጣለታል። «ዕድል የለውም» ብሎ የጻፈ ግን ምንም አልጻፈም።

ትንተናዬ ጥሩ ከሆነ ለምን አላሸንፍም?

ጥሩ ፈረስ ማግኘትና ጥሩ ኦድ ማግኘት ሁለት ሥራ ስለሆነ ነው። ይህ ፈረስ ከአራት አንዴ ያሸንፋል ብላችሁ ካመናችሁ ተመጣጣኝ ኦዱ 4.00 ነው። 3.00 ከሆነ ተዉት፣ ምንም ያህል ብትወዱት። 6.00 ከሆነ ይታሰብበታል። እንዲያም ሆኖ ከአራት ሦስቴ ይሸነፋል ብላችኋል እኮ! አወራራጁም ከእያንዳንዱ ውርርድ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ቢጠፋ ኑሮን የማያናጋ ገንዘብ ብቻ ነው የሚመደበው። ያለፈውን ለማስመለስ ተብሎ የሚመደብ ገንዘብ የትንተና ሥራ አይደለም። እጃችሁን መሰብሰብ ካቃታችሁ ሩጫውን ያለ ውርርድ እዩት፤ ማንበቡ በራሱ ትልቅ ደስታ አለው።

የያዝኩት ማስታወሻ እስከ መቼ ያገለግላል?

ፈረሱ በሚቀጥለው ጊዜ ርቀቱ፣ መሬቱና ሜዳው ከተመሳሰለለት ሁለት ሦስት ውድድር ድረስ ይጠቅማል። ሁኔታው ካልተመሳሰለ አትቸኩሉ፤ ማስታወሻውን አቆዩት። ሁኔታው ተመቻችቶለት፣ ጉዞውም ሰምሮለት፣ ዙሩም ሆኖለት እንደገና ከተሸነፈ ግን ስሙን ሰርዙት።